የሰም ክፍል

ሉንድ ላይ ኅዳር ነው፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት
ቀኑ ይከስማል፣ ዘይቱ እንዳለቀ መብራት።
ቁራዎቹ ከካቴድራሉ ዛፎች ላይ
ስብሰባ በትነው ሲንጫጩ በሰማይ፣
እኔ ከምድር ቤት፣ ከሰሙ ክፍል ነኝ፤
ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ ጓንት እጄን ይዞኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነው፦
የሰው አንጎል ቁራጭ፣ ከአውራ ጣት ያነሰ፣
በአልኮል ታጥቦ፣ ውኃው እየቀነሰ፣
ከቀለጠ ሰም ውስጥ ይጠልቃል፤ ሰሙ ሲረጋ
ምላጩ ይገፍፈዋል፤ አይመስልም ሥጋ፤
የሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ የዝንብ ክንፍ ነው፣
ለብ ያለ ውኃ ላይ አንሳፍፌ በመስታወት የምቀልበው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአማርኛ ፈተና
«ሰሙን ከወርቁ ለይ» የሚል መጣና
ከሃያ አራት አገኘሁ።
መምህር ድንበሩ ስሜን ጠርተው፣ ዝም አሉ።
ያ ልጅ ነኝ እንግዲህ፣ ዛሬ በሰም የማድር፤
ሰሙን በመድኃኒት አቅልጬ፣ ወርቁን ለሌላ ዓይን አስረክቤ፣
ወርቁ ምን እንደሆነ ሳልጠየቅ የምኖር።

ብሎክ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
ስም የለም፤ ሕጉ ነው። ሴት። ሰባ ዘጠኝ ዓመት።
ሕመም፦ መርሳት።
ሥራ፦ ፖስታ አዳይ፣ ሠላሳ አራት ክረምት፣
በብስክሌት።
አንጎሏን ለመስጠት በፈረመችበት ቅጽ፣ ከግርጌው፣
«ተጨማሪ ሐሳብ» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ ሁሉም የሚያልፈው።
እሷ ግን በእርሳስ፣ ዘመም ባለ ፊደል፦
«ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር ነው።»

ለማን ነው? ለልጇ? ለጎረቤቷ? ለኛ?
ፋይሉ አይልም፤ የቀረውን የጨመርኩ እኔ ነኝ፦
በር ሁሉ የምታውቅ፣ ውሻውን በጩኸት፣
ባለቤቱን በፖስታው ክብደት፣
አንድ ማለዳ ከገዛ በሯ ፊት
የሌላ ሰው ደብዳቤ እንዳመጣች ሁሉ
ደወሉን ደውላ፣ ቦርሳዋን አስተካክላ፣
ጠብቃ ይሆናል።
ማንም አልከፈተም።

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ እላለሁ። ሰፈር ነው።
መንገዱ አለ፣ ቤቱ አለ፤ ቡናማ ቋጠሮ ነው የዘጋው።
ደብዳቤውማ ደርሶ ነበር፤
የጠፋው በሩ ነበር።
«ልብ በል» ይላል ቋንቋዬ፣ «አንጎል በል» አይልም፤
ማሰብን ለደረት ሰጥቶ፣ እስከዛሬ ራስን አላመነም።
እኔም ልብ አልኩ፣ አንገቴ እስኪደነዝዝ።

ቪልጎት፣ የዶክትሬቱ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣
ሳምንት ሙሉ የቆረጥኩትን በማሽኑ ቆጠረ፤
አሥራ አንድ ሺህ ቋጠሮ፣ ሻዩ ሳይፈላ።
«አንድ ቀን» አለ፣ «ከጣት ጠብታ ደም ወስደን፣
የመጀመሪያው ስም ከአፉ ሳይጠፋ፣ ከሃያ ዓመት በፊት እንነግረዋለን።»
«ከነገርነውስ በኋላ?»
ስኳር ያልገባበትን ሻይ
ማማሰሉን ቀጠለ፣ ዓይኑን ሳያነሣ ወደ ላይ።

ግማሹ ብሎክ አይነካም። ይቀመጣል፤ ደንብ ነው፤
ገና ላልተሠራ መሣሪያ፣ ገና ላልተወለደ ዓይን ነው።
ሠላሳ አራት ክረምት የሰው መልእክት ያደለች
በሰም ታሽጋ ራሷ ደብዳቤ ሆነች፣
ተቀባዩ ያልተጻፈባት፣
መቶ ዓመት ብትዘገይ ማንም የማይቆጣባት።

መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።
ከደረጃው አናት፣ መስኮቱ ላይ፣ የቪልጎት አበባ አለች፤
ማጠጣት ይረሳል፤ ጠውልጋለች።
ማንም አለመኖሩን አየሁና
ማሰሮዋን ከፍ አደረግሁ።
የውኃ ቀለበት። አንድ የሞተ ሸረሪት።
መለስኳት፤
ከቧንቧው በእፍኜ ቀድቼ
አጠጣኋት።