ሚዛን ላይ

ሬይኖ አሮጌ ብረት በሚመዝንበት፣
ከኬሚየርቪ ሐይቅ ማዶ፣ ጥድ ሥር አገኘሁት።
ሲሱ ነው፤ የአባቴ። ሰሌዳው ወልቋል፤
አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ባንዱ ያፈጥጣል።
የበሩን ዝገት በመዳፌ ብጠርገው
«ኮርፔላ» ብቅ አለ፤ የቤት ስማችን ነው፤
የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ አጥታ
ከጠርዙ ተጣብቃ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታ።
አባቴ ሲጽፋት፣ ምላሱን ነክሶ፣
አይቻለሁ፤ ብሩሹን በነጭ ጋዝ አርሶ።

ስድስት ዓመቴ ነበር። ግንድ እንደጫንን
ከመሰንጠቂያው በር፣ ሚዛኑ ላይ ስንቆም፣
«ጎንበስ በይ» አለኝ፣ «አትሳቂ፣ ዝም!
አንቺም ዛሬ ጥድ ነሽ።»
ሃያ ኪሎ ጥድ ሆኜ ተሸጥኩኝ በዚያ ቀን፤
በዋጋዬ ጥቁር ከረሜላ ገዛን፣
ያንን ጨው ጨው የሚለውን።

እናቴ በታመመች ክረምት ሲሱን ሸጠው።
ስንት እንዳወጣ አንዳችን አልጠየቅነው።

«ሰብሳቢ ቢያገኘው ዋጋው ሌላ ነበር፤
እኔ የማውቀው» አለ ሬይኖ፣ «የኪሎ ነገር።»
በትራክተር ጎትቶ ሚዛን ላይ አወጣው፤
እኔ መሪ ይዤ፣ ስፖንጁ ባለቀው
ወንበር ላይ፣ አይጥ የቀደደው ካርታ ከእግሬ ሥር።

«ውረጂ።»
አልወረድኩም።
«ስንት ትመዝኛለሽ?»
«ስልሳ ሦስት።»
«እሺ፣ እሱን ልቀንስልሽ» አለኝ።
«አትቀንስ» አልኩት፣ «ብረት ብለህ ጻፈኝ።»

እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣ ሳይገባው ጻፈ።
ካፊያ ጀመረ። መጥረጊያው አንዴ ብቻ
እንደ መንቀሳቀስ አለና አረፈ።