ግልባጭ

ሙሴው ጓዙን ጠቅልሎ ከከዚራ የወጣ ዕለት
መጻሕፍቱ በኪሎ ተሸጡ፣ ለለውዝ መጠቅለያነት።
አጎቴ በድሪ፣ የምድር ባቡር ቶርኖ ሠራተኛ፣
ከቀፊራ አንዱን አስጣለ፣ ጀርባ የሌለው በሽተኛ።

ፈረንሳይኛው ከ«አታንሲዮን» አያልፍም፤
ያየው ሥዕሉን ነው፦ ባሕር፣ ማዕበል፣ የሚሰጥም መርከብ፣
ጥቁሩ በነጩ ላይ፣ ነጩ በጥቁሩ ላይ ሲረባረብ።

«በብዕር ነው» አልኩት።
«ዝም በል» አለኝ፣ «ብዕር እንዲህ አይነክስም።»

ሰዓት ሠሪው ሃጎፕ አጉሊውን ከዓይኑ ነቅሎ ሰጠው፤
አጎቴ ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹን ዋጠው።
ጭረት፣ ከጭረቱ ሥር ጭረት፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረበ።
«እንጨት ነው» አለ ሃጎፕ፣
«ጎኑን አይደለም፣ ግንዱ ሲጎመድ የሚያፈጥብህን ዓይኑን ነው የሚቀርጹት።
የሣለው ግራ ጥግ ይፈርማል፣ የቀረጸው ቀኝ ጥግ።
የቀኙን ማን ያነብበዋል?»

አጎቴ የቀኙን አነበበ፣
ፊደል በፊደል፣ በጣቱ፣ እንደ ብሎን ቁጥር።

ከዚያ ወዲያ ወይራ ጎመደ፤ እስኪያንጸባርቅ አሸው፤
ያረጀ ሞረድ ስሎ፣ እጀታውን መዳፉ ውስጥ ሸሸገው።
እኔ ፋኖስ ያዥ።

ባሕር አያውቅም።
ባቡሩ ጅቡቲ ይደርሳል፣ እሱ ከአተልዬው አይወጣም።
ስለዚህ ደቻቱን ቀረጸ፦
ዓመት ሙሉ አሸዋ፣ አንድ ሌሊት ጎርፍ፣
ከዚራን ከዚያ፣ መጋላን ከዚህ አድርጋ ስትወርድ።

«ጨለማውን ተወው» ይለኝ ነበር፣ «ሳትጠራው ይመጣል።
እጅህ የነካው ብቻ ብርሃን ይሆናል፤
እና ስትነካ ፍራ።»
ለአንዲት የውኃ ጫፍ ሦስት ሌሊት፤
ጉልበቱ ላይ የወይራ ፍቅፋቂ፣ እንደ ሕፃን ጥፍር።

የፋኖስ ጥላሸት በተልባ ዘይት ለወሰ፤
ወረቀት አለበሰው፣ በማንኪያ ጀርባ ዳሰሰ፤
ከጥጉ ይዞ ላጠው።

ከዚራ በመጋላ ቦታ!
የሙሴዎቹ ጥላ ዛፍ እኛ ደጅ በቅሏል፤
ጣሪያችን ማዶ ተሻግሯል።
ከስሙ «በ» ብቻዋን ቀጥ ብላ ቆመች፣
«ድ» እና «ሪ» ፊታቸውን አዞሩ።

«ተበላሸ» አልኩት።
እሱ ጎርፉን ተከትሎ በጣቱ ሄደ፣
የሚንደውን ግንብ አየ፤ ሳቀ፤
«ዛሬስ» አለ፣ «በነሱ በኩል ነው።»
አላረመውም።

ግንዱ አሁን እኔ ጋ ነው፣ ጠርዙ ተሰንጥቋል።
በጣቴ ስዳስሰው ስሙ በትክክል ይነበባል፤
ከተማዋም ልክ ናት፤ እንጨቱ ላይ ሁሉም በየቦታው ነው።

ቀለም የምቀባው ለዚህ ነው።