የቀጠነ

ጠርሙሱን ባነሣው፣ ሦስት ጣት ቀርቶታል፤
ግምጃ ቤቱን ብጠይቅ፣ «ለከርሞ» ብሎኛል።
(ለከርሞም ከርሞ አለው፣ እሱም ይደርሳል።)
እንግዳ እንደ በዛበት የጎረቤት ሠርግ
ውኃ ጨመርኩበት፣ ሌላማ ምን ላርግ።
ጉሹ ካቻምና አልቆ፣ አምና ተበርዞ፣
ዘንድሮ ቅራሪ፣ ስሙን ብቻ ይዞ።

ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ አራት ብርጭቆ፣
በመስኮቱ ጣና፣ መስተዋቱ ተሰንጥቆ።
ከብርጭቆው ሥር፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣
ስሕተት የማርምበት ኤክስ፣ ከላይ የሚታይ።
«አሲዱ ሲገባ ድኝ ይወለዳል፣
ውኃው ይደፈርሳል፣ ኤክሱ ይሸፈናል።
ሰዓት ያዢ ውባለም፤ አንማው፣ አንተ ጨምር፤
እስኪጠፋ ድረስ ሴኮንዱን እንቁጠር።»

ካቻምና በአሥራ ሁለት ጠፍቶ ነበር።
አምና በሃያ አምስት።
ዘንድሮ፦
ሃምሳ አለች። ስድሳ። ሰማንያ። መቶ።
ኤክሱ ቁጭ ብሏል፣ ዓይኑን አፍጥጦ።
«ተበላሽቷል!» አለ አንማው፤
የኋላው ወንበር ሁሉ በሣቅ ተከተለው።

«አልተበላሸም» አልኩ። «ቅንጣቶቹ አሉ፣
ሜዳው ሰፋባቸው እንጂ።
ለመዋሐድ አስቀድሞ መጋጨት አለ።
ቅዳሜ ገበያ ግባ፣ ትከሻህ ከስንቱ ትከሻ ይላተማል፤
ማክሰኞ በዚያው መንገድ ሂድ፣
እግርህን የሚረግጥህ እንኳ ታጣለህ።»

ዝም አሉኝ።

ውባለም ዓይኗን ከሰዓቱ ሳትነቅል፦
«የአባቴም መረብ እንዲህ ነው፣ መምህር።
ድሮ ጥሎት ገና መቅዘፊያው ሳይደርቅ
ቀረሶው ይመታው ነበር፣ በር እንደሚያንኳኳ።
አሁን ሲመሽ ይጥለዋል፣
ሌሊቱን ታንኳው ላይ ኩርምት ብሎ ያድራል፣
ሲነጋ ሦስት ይዞ ይመጣል።
መረቡ ያው መረብ ነው። ውኃውም ያው።
ግን አንድ ቀን ‹አይመጣም› ብሎ አያውቅም፤
‹ዘገየ› ነው የሚለው።»

የቸርኬው ደወል ተመታ።
ስድሳ አንዱ ባንዴ ተነሣ፤
ያልቀጠነ ነገር ማየት ለፈለገ
ያ በር ብቻ ይበቃው ነበር።

እኛ ሁለታችን አጎንብሰን ቀረን።
መጣ ደመናው፣ ቀስ ብሎ፣
ከዘጌ በኩል እንደሚመጣ የማለዳ ጭጋግ፤
መጀመሪያ የኤክሱ አንድ እግር፣
ቆይቶ ሌላው፣
መሐሉ ላይ ነጥብ የምታህል ጥቁረት እምቢ አለች፣
ከዚያ እሷም።
ድኝ ሸተተን፣ አሁን ክብሪት እንደ ጫረ እጅ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» ብላ ጻፈች።
ሁለት መቶ ሃያ አላለችም።

እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፦
«ጠርሙሱን እንዳለ ጣና ውስጥ ብንደፋውስ፣ መምህር?
ስንት ይፈጃል?»

በተሰነጠቀው መስተዋት አሻግሬ አየሁ።
አንዲት ታንኳ ከሩቅ፣
ትምጣ ትሂድ አትለይም።

ሰዓቱን ኪሷ ከትታ ወጣች።
መልሺ አላልኳትም።