የበቅሎ ዘመድ

ከይሩሃም መውጫ፣ ከማደያው ጀርባ፣ ማክሉፍ መኪና ይሸጣል፤
የታጠበውን ከፊት ያቆማል፣ ያልታጠበውን ከኋላ ይደብቃል።
እኔ የሄድኩት ሥራ ፈትቼ ጎማ ልቆጥር አልነበረም፤
የአሮጌው ቫኔ ሞተር ከተቃጠለ ገና ሳምንት አልሞላም፣
ወይን ደግሞ በሐምሌ ውሃ ካጣ ይቅርታ አያውቅም።

ሥራዬ የጠብታ መስኖ ነው፤ ቧንቧ እጠግናለሁ በየእርሻው፤
የሦስት ሜትር ቱቦ፣ የፕላስቲክ ክርን፣ መጋዝ፣ ቫልቭ፣ ማጣሪያው፣
አንድ ጀሪካን ውሃ ለራሴ፣ አንድ ለመኪናው።

ቤት ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ።
ባሌ ይስማው፣ «ነጭ ይሁን፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ሰው ፊት የማያሳፍር» አለ፤
ወንድሜ ጠጋው፣ «ፒክአፕ ነው እንጂ! ባለ ዲዝል፣ ባለ ትልቅ ጎማ!» እያለ
ዋጋውን ሲጠራ፣ የቤት ብድራችን ከነፍሬሙ ተንቀጠቀጠ።
ልጄ ሺራ ከስልኳ ቀና ሳትል፣
«ጣሪያው ይከፈታል?» ብላ ጠየቀች።

አባቴ በቅሎ ሲገዛ ትዝ ይለኛል።
ጠጕሯን አይደለም፣ ሰኮናዋን አንስቶ ነው የሚያያት፣
ጥርሷን ቆጥሮ፣ ጆሮዋን ዳስሶ፣ ቁልቁለት ወስዶ የሚፈትናት፤
«ዳገት ማንም ይወጣል፤ በቅሎን ቁልቁለት ላይ ጠይቃት።»

እኔም መሬት ተኛሁ።
ማክሉፍ የሚያብረቀርቀውን ጂፕ በር ከፍቶ ሲያሞግስ፣
እኔ በጀርባዬ ከሥሩ ገብቼ ሆዱን ስዳስስ፣
«ተነሺ እንጂ፣ ሰው ያያል!» ይላል እጁን እያወራጨ፤
ዝገቱ ግን ቁልጭ ባለ አማርኛ፣
«አደራሽን፣ እንዳትገዢኝ» አለኝ።

ቱቦዬን ይዤ ነበር፤ በያንዳንዱ ለካሁ።
አንዱ ቱቦውን ዋጠ፣ እኔን ግን ውጭ አስቀረ፤
አንዱ እኔን ዋጠ፣ ለቱቦው መስኮት መስበር ብቻ ቀረ፤
አንዱ ሁላችንንም ቻለ፣ ነዳጁን ሳስብ እንቅልፌ በረረ።

ከኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንዲት ሱባሩ ጀስቲ ቆማለች፤
የእንቁላል አስኳል ቢጫ፣ አንድ በሯን ከሰማያዊ ዘመዷ የተዋሰች፤
ጎማዋ ቀጭን፣ እንደ ዶሮ እግር፣ ዓይን አይሞላም ሲታይ፤
ፊቷ ሳቁን አፍኖ የያዘ ተማሪ መሳይ።
«ይቺ መጫወቻ ናት» አለ ማክሉፍ፣ «የልጅ ልጄ እንኳ አይፈልጋት።»
ማርሿ ላይ ግን ቀይ ቁልፍ አለች፣ አውራ ጣት የምታህል፤ ስነካት
የኋላ እግሮቿ ነቁ።
አራቱም መሬት ቆነጠጡ።

ቁልቁለት ወሰድኳት፤
ወደ ደረቁ ወንዝ፣ ከድንጋይ ድንጋይ አስወረድኳት።
ሆዷ አልተጫረም፣ ፍሬኗ አልጮኸም፤ ሬዲዮኗ ብቻ በራሱ ተነስቶ
የአየር ትንበያ አነበበልኝ፣ ተመልሶም ተኛ ጉሮሮውን አጽድቶ።
ቱቦው ከጣሪያዋ ታሰረ፣ ፊትና ኋላ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥሎ።
«አባትሽ ማነው?» አልኳት፣ እንደ በቅሎ፤
«አጎቴ ጂፕ ነው» አለች።

መካኒኩ ፒንሓስ ከፍቶ አያት፦ «ዕቃዋ በዲሞና ጓሮ ሁሉ ሞልቷል፤
መዶሻ ካለሽ ግማሹን ራስሽ ትጠግኚዋለሽ፣ ሌላው እንደተበላሸ ይሄዳል።»

ይስማው በረንዳ ላይ ወጥቶ ሲያያት እጁን አፉ ላይ ጫነ፤
«ሌላኛው ግማሿስ?» አለኝ። ደረጃው ሁሉ በሳቅ ታፈነ።
ሺራ ግን ስም አወጣችላት፦ ሔልሞን፤
በዕብራይስጥ አስኳል ማለት ነው።

በጥር ደራሽ መጣ። እኔና ሔልሞን ከማዶ ቆመን
ቡናማው ውሃ ቁጥቋጦ ሲያንከባልል አየን።
ቀዩን ቁልፍ አልነካሁም። አራት ጎማ ጀልባ አይሆንም።
አባቴ ያልነገረኝን ያን ቀን ገባኝ፦
በቅሎ የምትወደደው ስለምትሄድ ብቻ አይደለም፣
እምቢ ስለምትልም ነው።
ዞረን፣ በላይኛው መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ዘግይተን ደረስን።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ይስማው ዞር ዞር አለና፣
«ቁልፉን ስጪኝ፣ ዳቦ ልግዛ» አለ።
ዳቦ ቤቱ ከደጃችን ሰማንያ እርምጃ ነው።
እኩለ ቀን ላይ መጣ፣ መኪናዋ እስከ ጣሪያ፣ እሱ እስከ ቅንድቡ ጭቃ፤
ዳቦ አልያዘም።
«ቀይዋን» አለ፣ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነካኋት።»