በመብራት ቢል

ሦስት ቀን ዘነበ፤ ሂርማታ ሳልወጣ፣
መብራቱም እንደ ሄደ፣ ተመልሶ ሳይመጣ፣
የቆርኪ መኪናችን ጎማዋ ቢላላ
«ጀልባ እንሥራ በቃ» አለችኝ ረምላ።

የመብራቱን ቢል ከኪሴ አውጥታ
ሰጠችኝ፣ ጭምድዱን በመዳፏ አሽታ።
እኔ ከአንድ ግንድ፣ ያለ አንዲት ምስማር
በርጩማ የማወጣው በሦስት እግር፣
አጠፍሁት፤ ቆብ ሆነ።
ፈታሁት፣ ደገምሁት፤
ፖስታ።

«አባ፣ ቀስ! ወረቀት እኮ እንጨት አይደለም፤
ቢያመውም አይጮህም።»
ጣቴን በጣቷ ይዛ አሳጠፈችኝ።

ከደጃችን ቦይ ለቀቅናት፤ ስሜን ተሸክማ
ወደ አዌቱ ነጎደች፣ በክረምት ጅማ።
ያኔ ነው ቢሉን አለመክፈሌ ትዝ ያለኝ!
ሮጥሁ። አንድ ጫማዬን ጭቃ አስቀረብኝ።
ረምላ ከደጃፍ እያጨበጨበች፦
«በርታ፣ አባ! በርታ!
ኧረ ቀደመችህ!»