አውራ ጣት

ቦነስ አይረስ ዳር፣ ማታዴሮስ ሰፈር፣
ከባቡሩ ሐዲድ፣ ከድሮው ቄራ በር፣
ሥጋ ቤት አለችኝ።
ጭቅናን ከጎድን፣ ሽንጡን ከዳቢቱ
መብራት ቢጠፋ እንኳ በጣቴ ዳስሼ
እለያለሁ እንጂ አልስትም ጨርሼ።
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ሕያው ሽንጥ ስይዝ ግን
ቀኜ ከግራዬ ጠፋኝ።

ክለቡ ፎቅ ላይ ነው፣ ከቅርጫት ኳሱ ሜዳ በላይ፤
ሰሌዳው ላይ በጠመኔ፦
ሰኞ ጀማሪዎች፣ ረቡዕ መካከለኞች፣ ዓርብ የበሰሉት።
ዶና ኤውፌሚያ፣ ሰባውን ያለፈች፣
ሲጋራ ያቆመች፣ ሳሉን ያላቆመች፣
«ሂድ» አለችኝ ሰኞ።
«ወዴት?»
«ወደ ፊት።»
ሌላ ትምህርት የለም።
ሁለት ወር ሙሉ፣ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት።

የመድኃኒት ቤቷ ዴልፊና እቅፌ ውስጥ ገብታ
«ባልዶሜሮ» አለች፣ ትንፋሿ አጥሮ፣
«እኔ ጎድን አይደለሁም መንጠቆ ላይ የምሰቀል፤
ክንድህን አላላው።»
አላላሁት። ልትወድቅ ምንም አልቀራት።
በማጥበቅና በመልቀቅ መካከል
ቦታ እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ረቡዕ ስደርስ ጠገብኩ።
በእግሬ ስምንት ቁጥር ጻፍኩ፣ ዞርኩ፣ ቆረጥኩ፣
እግሬን በሰው እግር መሀል እንደ ቢላ ሰደድኩ።
አሥራ አንድ ስልት አውቃለሁ፤ አሥራ አንዱንም
በአንድ ሙዚቃ ካልጨረስኩ እንቅልፍ የለኝም።
የአንዱን ተረከዝ ረገጥኩ፣ የአንዷን ቅልጥም መታሁ፤
ቅልጥም እንኳ ሥራዬ ነው፣ ግን የሞተ ሲሆን ነው።
ዴልፊና ፋሻ ይዛ መምጣት ጀመረች።
«ብዙ ታወራለህ» አለች ዶና ኤውፌሚያ፣ በሳሏ መሀል።
«አፌን አልከፈትኩም!»
«እግርህን ነው ያልኩት።»

ዓርብ ላይ እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም፤
ምናልባት ረቡዕን ከእኔ ልታድን ይሆናል።
አሥራ ሁለተኛውን ስልት ስጠብቅ
ትከሻዬን ይዛ ዶን አንሴልሞ ፊት አቆመችኝ፦
«ዛሬ መሪ አይደለህም፤ ተመሪ ነህ።
ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ዓይንህ ይጨፈን።»

ዶን አንሴልሞ የባቡር መካኒክ ነበር፤
ጡረታ ወጥቷል፣ ሚስቱን ቀብሯል፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ የመረቅ ሥጋ ይገዛኛል፣
አሥራ ሁለት ዓመት።
እኔም አሥራ ሁለት ዓመት
አውራ ጣቴን ከሚዛኑ ሳህን ጫፍ አሳርፌ፣
አርባ ግራም፣ ሃምሳ ግራም።
ምን ላድርግ፤ አባቴ ሚዛኑን
ከነጣቱ ነው ያወረሰኝ።

ሳሙና ሳሙና ይሸታል ሽማግሌው።
ባንዶኔዮኑ ተነፈሰ፤
ደረቱ ደረቴን ነካው፤ ወደማላየው ሄድኩ።
ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ቆመ።
«ግማሽህ ግራ እግርህ ላይ ነው፣ ግማሽህ ቀኙ ላይ፤
እንዲህ ሆነህ እንዴት ልውሰድህ?
ክብደትህን የት ደበቅከው?»

ጆሮዬ ጋለ።
ያወቀ መሰለኝ።
አላወቀ ይሆናል፤ የጠየቀኝ ስለ እግር ነበር፤
ደረት ለደረት ገጥሞ ግን
ሰው ምን ምን እንደሚሰማ ማን ያውቃል?
ሁሉንም ግራ እግሬ ላይ ጣልኩለት፣
መቶ አራት ኪሎ፣
ሳላጎድል፣ ሳልጨምር።
ያን ጊዜ ተንቀሳቀስን።

በማግሥቱ መጣ፣ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ።
እጆቼን ከኋላዬ አደረግሁ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ።
የሚዛኑ ጠቋሚ ሄደ፣ መለስ አለ፣ ቆመ፤
አራት መቶ ሃምሳ።
ጎንበስ ብዬ ቆረጥኩ፣ ጨመርኩ።
ጠቋሚውን አየ፤ ከዚያ እጄን ፈለገ፣ አጣው።
ከፈለ። ከበሩ ላይ ዘወር ብሎ
«ዛሬስ በየትኛው እግርህ ነህ?» አለኝ።
ከባንኮኒው በታች አየሁ፣
ደም የነካው ጫማዬን።
«በግራ» አልኩት።
እውነቴን ነበር።