አንድ ስንዝር ክር

ስምንቱ ወጥተዋል፤ ላባቸው ደርቆ ይጭራሉ፣
ከእናታቸው ክንፍ ሥር ብቅ ጥልቅ ይላሉ።
ዘጠነኛው ቀረ፤ ሰማያዊው እንቁላል፣
ሰማያዊ ይባላል፤
የቺሎኤ ሰማይ መች እንዲህ ያውቅና!
ዓመት እስከ ዓመት ድረስ ዝናብ ነው፣ ደመና።

ማታ ተሰነጠቀ።
የወጣችው ጫጩት እርጥብ ናት፣ ኮሳሳ፣
እግሯ ግራና ቀኝ እንደ መቀስ ተከፍቶ፣ አቅቷት ልትነሳ፣
በሆዷ ተኝታ ትሽከረከራለች፣
አንድ መቅዘፊያ እንደቀራት ጀልባ ታጋድላለች።

«ተያት» አልኳት ያስናን፤ «እናቷም ትተዋታለች።
ዶሮ ሒሳብ ታውቃለች፣
ስምንት ለማሳደግ አንዷን ታጎድላለች።»
አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር የጠገንኩ ሰው፣
የማይጠገነውን ገና ከድምፁ ነው የምለየው።
ያስና ሰባት ዓመቷ ነው። አልመለሰችልኝም።
የጫማ ካርቶን አምጥታ ምድጃው ሥር አኖረች፤
ቀና ብላም አላየችኝም።

ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅረው፣
ጺው፣ ጺው ትላለች፤ እንቅልፌን በተነችው።
ተነሳሁ። አዝኜላት አልነበረም፣ እውነት ለመናገር፤
ዝም ትበልልኝና ልተኛ ብዬ ነበር።
እሳቱ ላይ እንጨት ጨመርኩ፣
በማንኪያ ስኳር በለብታ ውሃ በጠበጥኩ፣
የምንቃሯን ጫፍ ነከርኩ።
ስትውጥ አንገቷን ወደ ላይ ሰቀለች፤
እንደሚጸልይ ሰው፣ ወይም እንደ ሰካራም።
እኔ በመጀመሪያው እንኳ አልታማም።

ከኋላዋ ኩስ ደርቆ በሩን ዘግቶባታል።
ሞተርም ቢሆን ጭሱ መውጫ ካጣ ይታፈናል።
በጥጥ አረጠብኩት፣ ቀስ እያልኩ፤
ላባዋ እንዳይነቀል ሳልጎትት ጠበቅኩ።
እነዚህ ጣቶች ከብሎን በቀር ምን ያውቃሉ?
ይማራሉ ለካ፤ ዘግይተው ይማራሉ።

እግሯ ቀረ።
ሽቦ ይቆርጣታል፣ ፕላስተር ይላጫታል።
መሳቢያውን ሳብኩ፤ የኤዱሊያ ካልሲ አለ፣
ተረከዙ ላይ የቆመ፤ መርፌው እንኳ አልተነቀለ።
ሦስት ክረምት አልነካሁትም።
ስትታመም ባሕር ላይ ነበርኩ፤ «ቀላል ጉንፋን ነው» አሉኝ፤ አልመጣሁም።
ዶኛ ኤርሚንያ ነች ሌሊቱን አብራት ያነጋች፤
«ውሃ በማንኪያ ነበር የምትወስደው» አለችኝ፣ መቃብሩ ላይ ቆማ። ሌላ አልጨመረች።

አንድ ስንዝር ክር ፈታሁ። ግራጫ፣ የበግ ሽታ ያለው።
እግሯን ከእግሯ አገናኘሁ፣ መሐሉን ጣት ያህል ትቼ፤
ጀልባ ከወደብ እንደማስር፣
እንዳይጠብቅም እንዳይላላም ሠግቼ።
ከዚያ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኳት፤ ወንበር ላይ ነጋልኝ።
ልቧ፣ በጭጋግ ውስጥ እንደሚመጣ የሩቅ ጀልባ ሞተር፣
ደረቴ ላይ መታልኝ።

በማግስቱ ቆመች። ወደቀች።
ደግሞ ቆመች። መዳፌ ላይ ኩስ ጣለች።
ያስና ስትስቅ፣ ያንን ድምፅ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማሁት!
እጄን ወዲያው አልታጠብኩም፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁት።

በአራተኛው ቀን ክሩን በመቀስ ቆረጥን፤
ሲመሽ፣ ዶሮዋ ስታንቀላፋ፣ በጨለማ ከክንፏ ሥር ሸጎጥን።
ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር፤
ብትነክሳትስ? ብትረግጣትስ? ዶሮ ሒሳብ ታውቃለች ብዬ አልነበር!

ጠዋት ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል።
ዘጠኝ ጫጩት ጭቃውን ይጭራል።
ዘጠኙም ይሮጣሉ፣ ዘጠኙም ይወድቃሉ፣
ዘጠኙም ትል ይነጣጠቃሉ።
«የቷ ናት?» አልኳት ያስናን።
«ያቺ!» አለች። ከዚያ «አይ፣ ያቺኛዋ።» ከዚያ ዝም አለች።
አንዷም ዞራ አላየችንም። አንዷም አላነከሰች።

ኪሴ ውስጥ ክሩ አለ፣ ሁለት ቦታ የተቆረጠ።
ካልሲ መሥራት አልችልም።
ባልዲውን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ።